ወደ ከተማው የዞሩ መድፎች፦ የቦርዶው ሻቶ ትሮምፔት ታሪክ

በፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ፣ ጋሮን ወንዝ ዳር፣ ኬንኮንስ የሚባል አደባባይ አለ። ስፋቱ 12 ሄክታር ያህል ነው። በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ የከተማ አደባባዮች አንዱ ነው። በአሮጌው ከተማ ያሉት መንገዶች ጠባብ ናቸው። ቤቶቹ ተጠጋግተው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ቆመዋል። መሬቱም እሳት የሆነ ዋጋ አለው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጥበት መሃል ይህን የሚያህል ሜዳ እንዴት ባዶ ቀረ?

ቦታው ላይ ምሽግ ስለነበረ ነው። ስሙ ሻቶ ትሮምፔት ይባላል። ከፈረሰ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። አደባባዩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው የምሽጉን አንዲት ግድግዳ እንኳን አያይም። ግን ከተማው እንዲህ ሆኖ የተሠራው በእሱ ምክንያት ነው። መንገዶቹ የሚታጠፉበት፣ ቲያትር ቤቱ የቆመበት፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉበት ቦታ ሁሉ ከምሽጉ ጋር ይያያዛል።

ምሽግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከውጭ የሚመጣ ጠላትን የሚመክት ግንብ ነው። ይህኛው ግን የተሠራው በዋናነት ለቦርዶ ሰዎች ነበር። ማለትም ንጉሡ የራሱን ከተማ ልጓም ሊያስገባበት ያሠራው ምሽግ ነው። ታሪኩን ማወቅ የሚገባንም ለዚህ ይመስለኛል። መንግሥት ሕዝቡን ሲፈራ ምን ዓይነት ከተማ እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። (ዓመታቱም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሡ ሩቅ ሲሆን

ነገሩ የሚጀምረው በጋብቻ ነው። በ1152 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው የአኪቴን ግዛት ባለርስት የነበረችው ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጀኔትን አገባች። ሄንሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በዚሁ ቦርዶና አካባቢዋ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ገቡ። ለሦስት መቶ ዓመት ያህልም እንደዚያው ቆዩ።

የቦርዶ ሰው በዚህ አልተከፋም። እንዲያውም ጠቀመው። ወይኑን በመርከብ ጭኖ ለእንግሊዝ ይሸጣል። ንጉሡ ባሕር ማዶ ነው። ከተማዋ በራሷ ከንቲባና በራሷ ሸንጎ ትተዳደራለች። ሩቅ ያለ ንጉሥ በየቀኑ አይነዘንዝም፤ በየወሩም አዲስ ግብር ይዞ አይመጣም። ለነጋዴ ከተማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የነበረው የመቶ ዓመቱ ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ግን ሚዛኑ ወደ ፈረንሳይ አደላ። በ1451 የንጉሥ ሻርል ሰባተኛ ጦር ቦርዶን ያዘ። የከተማዋ ሹማምንት ለንጉሡ ታማኝነታቸውን ማሉ። መሐላው ግን ብዙ አልቆየም። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎቹ በምስጢር ወደ ለንደን ላኩ። በጥቅምት 1452 ጆን ታልቦት የሚባል አንጋፋ የእንግሊዝ የጦር መሪ ሠራዊቱን ይዞ ደረሰ። ቦርዶም በሯን ከፈተችለት።

ፈረንሳዮቹ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ሐምሌ 17 ቀን 1453 ከቦርዶ በስተምሥራቅ ካስቲዮን በምትባል ቦታ ሁለቱ ጦሮች ተገናኙ። ዣን ቢሮ የሚባለው የመድፍ አዋቂ መድፎቹን ጉድጓድና አፈር ከልሎ ይጠብቅ ነበር። ታልቦት በቀጥታ ገባበት። ሠራዊቱ አለቀ፤ እሱም ሞተ። ከሦስት ወር በኋላ ቦርዶ እጇን ሰጠች። የመቶ ዓመቱ ጦርነትም በተግባር እዚህ ላይ አበቃ።

ሻርል ሰባተኛ ይህችን ከተማ ዳግመኛ በመሐላ ብቻ ሊያምናት አልፈለገም። ሁለት ግንቦች እንዲሠሩ አዘዘ። አንዱ በምዕራብ በኩል ነው፤ ፎር ዱ ሃ ይባላል። ሁለተኛው በሰሜን በኩል፣ ወንዙ ዳር ተተከለ። ይህኛው ሻቶ ትሮምፔት ነው።

ወንዙ ዳር የተመረጠው በምክንያት ነው። የቦርዶ ሀብት ያለው ወደቡ ላይ ነው። ወይን የጫነ መርከብ ሁሉ በጋሮን ወርዶ ወደ ባሕር ይወጣል። በወንዙ ዳር መድፍ የተከለ ሰው የከተማዋን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ እንግሊዞች ተመልሰው ቢመጡ የሚመጡት በዚያው በወንዙ ነው። ስለዚህ ግንቡ በአንድ ዓይኑ ወንዙን፣ በሌላው ዓይኑ ከተማውን ይመለከት ነበር። እንግሊዞች ሳይመለሱ ሲቀሩ ግን ከተማውን የሚያየው ዓይን ብቻ ሥራ ላይ ቀረ።

የጨው ግብርና የተገደለው ሹም

ግንቡ መቶ ዓመት ሳይሞላው ተፈተነ። በ1548 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጨው ግብር ምክንያት ትልቅ አመፅ ተነሣ። በዚያ ዘመን ጨው እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አልነበረም። ሥጋና ዓሣ ሳይበላሽ የሚቆየው በጨው ነው። የጨው ዋጋ ሲጨምር የድሃው ቤት ወዲያው ይናጋል። አመፁ ከገጠር ተነሥቶ በነሐሴ ቦርዶ ደረሰ።

የንጉሡ ወኪል ትሪስታን ደ ሞኔን የሚባል ሰው ነበር። ጠንካራ ግንብ ውስጥ ነበር፤ እዚያው መቆየት ይችል ነበር። ሕዝቡን ላረጋጋ ብሎ ወጣ። ነሐሴ 21 ቀን ሕዝቡ በመንገድ ላይ ገደለው።

ይህን ያየ አንድ ልጅ ነበር። በኋላ ታላቅ ጸሐፊና የቦርዶ ከንቲባ የሆነው ሚሼል ደ ሞንቴኝ ነው። ካደገ በኋላ ስለዚህ ነገር ጽፏል። በእሱ አስተያየት የሰውየው ጥፋት ከግንቡ መውጣቱ አልነበረም። ከወጣ በኋላ መፍራቱና መለማመጡ ነው የገደለው። እኔ ግን በዚህ ላይ ከሞንቴኝ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በግብር የተማረረ ሕዝብ ፊት አንድ ሹም ደረቱን ቢነፋ ኖሮ ይድን ነበር ወይ? ግንብ ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተዳድር ሰው አንድ ቀን ብቻውን ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለውም።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። ኮኔታብል፣ ማለትም የንጉሡ ጦር የበላይ አዛዥ፣ የነበረው አን ደ ሞንሞራንሲ ጦር ይዞ ገባ። ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከተማዋ የነበራት መብት ተሻረ። ለአመፅ ሕዝብ የጠሩት ደወሎችም ከቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ወረዱ። ደወልን መቅጣት ዛሬ ለእኛ እንግዳ ሊመስለን ይችላል። ግን ስልክም ሬዲዮም በሌለበት ዘመን ሕዝብን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ደወል ነው። ደወሉን ማውረድ ዛሬ ኢንተርኔት እንደ መቁረጥ ማለት ነበር።

ሞንቴኝ ከንቲባ በሆነበት ዘመንም ግንቡ ዋና ጉዳይ ነበር። በ1585 በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች የሃይማኖት ጦርነት መሃል፣ የግንቡ አዛዥ ቫያክ ንጉሡን ከሚቃወመው የካቶሊክ ማኅበር ጋር ወገነ። አገረ ገዥው ማርሻል ማቲኞን ነገሩ ገባው። ቫያክን ለስብሰባ ጠርቶ እዚያው ያዘው። ግንቡን ካላስረከብክ ሞት ይጠብቅሃል አለው። ቫያክም አስረከበ። ግንቡን የያዘ ከተማዋን ይይዛል የሚባለው ነገር ከንቱ ወሬ እንዳልነበር ከዚህ ይታያል። የንጉሡ ሰዎች ራሳቸው የሚፈሩት ነገር ነበር።

ከተማዋ ግንቡን ስትይዝ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ ፍሮንድ በሚባለው የእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ሉዊ አሥራ አራተኛ ገና ሕፃን ነበር። አገሩን የሚመሩት እናቱና ካርዲናል ማዛረን ናቸው። ቦርዶ ደግሞ ከአመፁ ዋና ማዕከሎች አንዷ ሆነች።

በ1649 የከተማዋ ሰዎች ሻቶ ትሮምፔትን ከበው ያዙት። ማፍረስም ጀመሩ። ለሁለት መቶ ዓመት አናታቸው ላይ የቆመውን ግንብ በገዛ እጃቸው መናድ ለእነሱ ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ ኦርሜ የሚባል እንቅስቃሴ ተነሣ። የእጅ ባለሙያዎች፣ ትናንሽ ነጋዴዎችና ዝቅ ያሉ የሕግ ሰዎች ተሰባስበው ከተማዋን ለተወሰነ ጊዜ ያዙ። በነሐሴ 1653 የንጉሡ ጦር ገባና ሁሉም ነገር አበቃ።

ሉዊ አሥራ አራተኛ ይህን ዘመን ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ልጅ ሆኖ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሸሸ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ሻቶ ትሮምፔት ተጠግኖ ብቻ እንዲቀር አላደረገም። ከበፊቱ በብዙ እጥፍ ገዝፎ እንዲሠራ አደረገ። ንድፉን ያወጣው መሐንዲሱ ክሌርቪል ነው። በኋላ ደግሞ የዘመኑ ታላቅ የምሽግ ሊቅ ቮባን እጁን አስገባበት። የቆየው ግንብ ከፍ ባለ ግድግዳና በክብ ማማ የተሠራ ነበር። አዲሱ ፍጹም ሌላ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የምሽጉን አሠራር እንይ፤ ያለዚህ የቀረው ታሪክ አይገባም። መድፍ ከመጣ በኋላ ረጅም ግድግዳ ጥቅሙን አጣ። ረጅም ግድግዳ ለመድፍ ጥሩ ኢላማ ነው፤ ሲመታም በቀላሉ ይናዳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ግድግዳውን ዝቅና ወፍራም አደረጉት። ከኋላው አፈር ሞሉበት፤ ጥይቱ አፈር ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ማዕዘኖቹንም እንደ ኮከብ ወደ ውጭ አሾሏቸው። ከአንዱ ሹል ማዕዘን ላይ የቆመ ተኳሽ የሌላውን ማዕዘን ግድግዳ በሙሉ ያያል። ጠላት ተጠግቶ ሊደበቅበት የሚችል ጥግ አይኖርም። ዙሪያውን ሰፊ ቦይ ተቆፈረ።

ከቦዩ ውጭ ያለው ነገር ግን ከሁሉም በላይ ለከተማ አስፈላጊ ነው። ይህ ግላሲ ይባላል። ከምሽጉ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ባዶ ሜዳ ነው። በላዩ ላይ ቤት የለም፤ ዛፍ የለም፤ አጥር የለም። ወደ ምሽጉ የሚመጣ ሰው መድፉ ፊት ራቁቱን ይቆማል። ባዶ መሆኑ ራሱ መሣሪያ ነው። ምሽጉ በገጠር ቢሆን ይህ ሜዳ ማንንም አይጎዳም። ከተማ መሃል ሲሆን ግን ሜዳውን ለማግኘት ሰፈር መፍረስ አለበት።

ቦርዶ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በዙሪያው ያሉ ቤቶችና መንገዶች ፈረሱ። የዶሚኒካን መነኮሳት አሮጌ ገዳምም ተደረመሰ። በምትኩ ከ1684 እስከ 1707 አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራላቸው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ኖትር ዳም ይባላል፤ ዛሬም አለ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ጥፋት

በመሃሉ ሌላ አመፅ መጣ። በመጋቢት 1675 ቦርዶ እንደገና ተነሣች። ምክንያቱ የግብር ክምር ነበር። ለውልና ለፍርድ ቤት ጉዳይ ሁሉ የሚያስፈልገው ማኅተም ያለበት ወረቀት አንዱ ነው፤ እኛ ዛሬ የቴምብር ቀረጥ የምንለው ዓይነት። ትምባሆ ላይም ግብር ነበር፤ የቆርቆሮ ዕቃ ላይም ነበር። ሕዝቡ ወጣ፤ ባለሥልጣናቱም ለጊዜው ግብሩን አነሱ። ንጉሡ ግን ጊዜ ጠበቀ።

ኅዳር ላይ ብዙ ሠራዊት ከተማ ገባ። ወታደሮቹ በየሰው ቤት ተመደቡ። የቤቱ ባለቤት አብልቶ አጠጥቶ ያሳድራቸዋል። ይህ በዘመኑ ከእስር የሚብስ ቅጣት ነበር፤ ቤተሰብን ከነሀብቱ ያወድማል። ፓርለማ የሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከከተማው ተባረረ። እስከ 1690 ድረስም አልተመለሰም። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደወሎች እንደገና ወረዱ። ከከተማዋ አጥር አንድ ክፍልና የሴንት ክሯ በር ፈረሱ። በደቡብ በኩልም ፎር ሉዊ የሚባል ሦስተኛ ምሽግ ተጨመረ። ከተማዋ በሦስት ወገን ተያዘች።

ሻቶ ትሮምፔትም ሜዳው ይበልጥ እንዲሰፋለት ተፈለገ። እዚህ ላይ ነው ልብ የሚነካው ነገር የተፈጸመው። ከምሽጉ አጠገብ የቱቴል ዓምዶች የሚባሉ የጥንት ሮማውያን ቅርሶች ነበሩ። የተሠሩት በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ 24 ዓምዶች ነበሩ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 17ቱ ገና ቆመው ነበር። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ጦርነቱን፣ ወረራውን፣ እሳቱን ሁሉ አልፈው የቆሙ ናቸው። ክሎድ ፔሮ የተባለው የሥነ ሕንፃ ሊቅ በ1669 ቦርዶ መጥቶ ሣላቸው። ዛሬ ምን ይመስሉ እንደነበር በደንብ የምናውቀው በእሱ ሥዕል ነው።

በ1677 ፈረሱ። ጠላት ከኋላቸው ሊደበቅ ይችላል፣ ለመድፉም ይጋርዳሉ ተባለ። የታሰበው ጠላት ማን ነው? የቦርዶ ነዋሪ ነው። የንጉሡ ቂም የከተማዋን ጥንታዊ ሀብት በላ ብል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሞቱት ሰዎች ቀጥሎ የማዝነው ለእነዚህ ዓምዶች ነው። ሰው ሞተ፣ ግብር ተከፈለ፣ ፍርድ ቤት ተባረረ፤ እነዚያ ሁሉ በጊዜ ተሽረዋል። ዓምዶቹ ግን አይመለሱም።

ንጽጽሩን ለማየት ደግሞ ከቦርዶ ወደ ባሕሩ በኩል መሄድ ነው። ብላይ በምትባል ከተማ ቮባን ሌላ ምሽግ ሠርቷል። ከወንዙ ማዶ ፎር ሜዶክ አለ፤ በመሃል ደሴት ላይ ፎር ፓቴ አለ። ሦስቱ ሆነው ወንዙን እንደ በር ይዘጋሉ። እነዚህ በእርግጥ ለውጭ ጠላት የተሠሩ ናቸው። እዚያ ከኖሩ ደግሞ ሻቶ ትሮምፔት ከባሕር ለሚመጣ ወራሪ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር። ሥራው ሌላ እንደነበር የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ገንዘብ መድፉን ሲገፋው

18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ነገሩ ተለወጠ። ቦርዶ ከፈረንሳይ ትልልቅ ወደቦች አንዷ ሆነች። ወይኑ ብቻ አልነበረም። ከካሪቢያን ደሴቶች ስኳርና ቡና ይመጣል። ይህ ሀብት የተገኘው በባርነት ነው። የቦርዶ መርከቦች ራሳቸው ከመቶ ሺህ በላይ አፍሪካውያንን አሻግረው ሸጠዋል። ስለ ከተማዋ ውበት ሲወራ ይህ ሊረሳ አይገባም። ዛሬ ቱሪስት የሚያደንቃቸው የድንጋይ ቤቶች የተሠሩት በዚህ ገንዘብ ጭምር ነው።

ነጋዴዎቹ ሲበለጽጉ ምሽጉ እንቅፋት ሆነባቸው። ከሰሜኑ ወገን ሻርትሮን የሚባል የወይን ነጋዴዎች ሰፈር አድጓል። አሮጌው ከተማ ደግሞ በደቡብ ነው። ምሽጉ ከነሜዳው በሁለቱ መሃል ተጎልቷል። ከቢሮው ወደ መጋዘኑ የሚሄድ ነጋዴ በየቀኑ እሱን መዞር አለበት። ዦዜፍ ቬርኔ የተባለው ሠዓሊ በ1759 የቦርዶን ወደብ ከሻቶ ትሮምፔት በኩል ሆኖ ስሏል። ሥዕሉ ላይ ወንዙ በመርከብ ተሞልቶ ይታያል። ከተማዋ በዚያ ዘመን ዓይኗ ወደ ንግድ እንጂ ወደ አመፅ አልነበረም።

ከ1743 እስከ 1757 የንጉሡ አስተዳዳሪ ሆኖ ያገለገለው ቱርኒ ቀስ ብሎ ሜዳውን መሸራረፍ ጀመረ። በግላሲው ጫፍ ላይ ዛፍ የተተከለበት የእግር መንገድ ዘረጋ። ዛሬ አሌ ደ ቱርኒ ይባላል። የጦሩ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ቤት ይሠራ ከተባለ ከፍ አይበል አሉ፤ ለመድፉ እንዳይጋርድ። እዚያ የነበሩት ቤቶች ዝቅ ብለው የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የወታደር ደንብ የመንገዱን መልክ እንዲህ ይወስናል።

ከዚያ ትልቁ ድል መጣ። ከ1773 እስከ 1780 ቪክቶር ሉዊ የተባለው አርክቴክት ታላቁን ቲያትር ቤት ሠራ። መሬቱ ከምሽጉ ሜዳ ላይ የተገኘ ነው። ከጎኑ ያለው ቦታ ደግሞ ለሀብታም ቤተሰቦች ቤት መሥሪያ ተሸጠ። የቲያትር ቤቱ ፊት በ12 ግዙፍ ዓምዶች ያጌጠ ነው። የቆመውም የቱቴል ዓምዶች በነበሩበት አካባቢ ነው። መድፍ ያፈረሰውን ጥንታዊ ሥራ መቶ ዓመት ቆይቶ ቲያትር ተካው። ለጠፋው ካሣ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም ደስ የሚል ነገር ነው።

ቪክቶር ሉዊ እዚህ ላይ አላቆመም። ምሽጉ ጭራሽ ይፍረስ፣ በቦታው ወደ ወንዙ የሚከፈት ግማሽ ክብ አደባባይ ይሠራ፣ ከእሱም መንገዶች እንደ ጨረር ይውጡ የሚል ዕቅድ አወጣ። አደባባዩ በሉዊ አሥራ ስድስተኛ ስም ፕላስ ሉዶቪዝ ሊባል ነበር። የመንግሥት ካዝና ባዶ ስለነበር መሬቱን መሸጥ ለንጉሡም ተስማማው። ዕቅዱ ግን ገንዘብ አጠረው፤ ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት ደረሰ። አብዮተኞቹ ባስቲል የሚባለውን የፓሪስ ምሽግ በ1789 ወዲያው አፈረሱ። የቦርዶው ምሽግ ግን የመጨረሻው ቀን ገና አልደረሰም ነበር። በናፖሌዎን ዘመንም ሐሳቡ ተነሣ፤ ጦርነቱ ገንዘቡን በላው።

መጨረሻው አካባቢ ምሽጉ አንድ ጊዜ ደግሞ ታሪክ ውስጥ ገባ። መጋቢት 12 ቀን 1814 ቦርዶ ናፖሌዎንን ትታ ከአብዮቱ በፊት ፈረንሳይን ይገዙ የነበሩትን የቡርቦን ንጉሣውያን ተቀበለች። በሚቀጥለው ዓመት ናፖሌዎን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ የሉዊ አሥራ ስድስተኛ ልጅ፣ የአንጉሌም ዱቼስ፣ ቦርዶ ውስጥ ነበረች። በየጦር ሰፈሩ እየዞረች ወታደሮቹን ለመነች። ሻቶ ትሮምፔትም ገባች። ወታደሮቹ ግን አልተከተሏትም፤ ልባቸው ከናፖሌዎን ጋር ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ በመርከብ ወጣች። ለሦስት መቶ ስድሳ ዓመት ንጉሥን ከሕዝብ ለመጠበቅ የኖረ ምሽግ የንጉሥን ልጅ ፊት ነሳት።

ሲፈርስ

ናፖሌዎን ዳግመኛ ከወደቀ በኋላ ሉዊ አሥራ ስምንተኛ በ1816 መሬቱን ለከተማዋ ሰጠ። በ1818 ምሽጉ ፈረሰ። ንጉሡ ለምን ለቀቀው? ሁለት ነገር አብሮ የሠራ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ቦርዶ ቡርቦኖችን ቀድማ የተቀበለች ከተማ ናት፤ ውለታ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ምሽጉ ለጦርነት የሚጠቅምበት ዘመን አልፏል። ያለፈውን ዓመት ላስታወሰ ሰው ደግሞ ምሽግ ታማኝነትን እንደማያመጣ ግልጽ ነው።

ሜዳው ሰፊ ስለነበር ከተማዋ ሁሉንም በቤት አልሞላችውም። ዙሪያውን ሠራች፤ መሃሉን ተወችው። ዛፍ በረድፍ ተተከለ። በ1829 ወንዙ በኩል 21 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ዓምዶች ቆሙ፤ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ለባሕር ጉዞ። በ1858 ሞንቴኝና ፈላስፋው ሞንቴስኪዩ በሐውልት መጡ። በልጅነቱ አመፁን ያየው፣ በከንቲባነቱ የግንቡን ጣጣ የቻለው ሞንቴኝ አሁን በምሽጉ ቦታ ላይ ይቆማል።

አደባባዩ መጀመሪያ የተሰየመው በሉዊ አሥራ ስድስተኛ ስም ነበር። ዛሬ ትልቁን ቦታ የያዘው ግን የዢሮንዲን ሐውልት ነው። ዢሮንዲኖች ከዚህ አካባቢ የወጡ የአብዮቱ ፖለቲከኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በ1793 አንገታቸውን ተቀሉ። ሐውልቱ ከ1894 እስከ 1902 ተሠራ። አናቱ ላይ ሰንሰለቷን የበጠሰች ነፃነት ቆማለች። ከሥሩ የነሐስ ፈረሶች ያሉባቸው ሁለት ገንዳዎች አሉ። በ1943፣ በጀርመን ወረራ ዘመን፣ ፈረሶቹ ተነቅለው ሊቀልጡ ተወሰዱ። ሳይቀልጡ አንዠር ከተማ ተገኙ። ወደ ቦታቸው የተመለሱት ግን በ1983 ነው።

ዛሬ ቦታው የትራም መገናኛ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ የመዝናኛ ባዛር ይዘረጋበታል፤ የጥንት ዕቃ ገበያም ይቆማል። ሰልፍም ይወጣበታል። ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ባዶ የተደረገው ሜዳ አሁን ከከተማዋ ሁሉ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሆኗል።

ለመጎብኘት የሚሄድ አንባቢ ካለ፣ ከታላቁ ቲያትር ቤት ተነሥቶ በእግር ቢዞር ይሻላል። ርቀቱ ቅርብ ነው። አጠገቡ የሻቶ ትሮምፔት መንገድ የሚባል ጎዳና አለ። ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያንንና አሌ ደ ቱርኒን ማየት ይቻላል። ከዚያ ካቴድራሉን አልፎ ወደ ፎር ዱ ሃ መሄድ ነው። የትሮምፔት መንትያ የሆነው ይህ ግንብ ለረጅም ጊዜ እስር ቤት ነበር። ናዚዎች በያዙበት ዘመን የተቃውሞ ታጋዮች ታስረውበታል። አብዛኛው ክፍሉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለፍርድ ቤት ሕንፃ ሲባል ፈርሷል። ሁለት ማማዎቹ ግን ቀርተዋል። የ1453ቱ ንጉሥ ቦርዶን እንዴት ያያት እንደነበር በድንጋይ መመልከት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው እዚህ ነው። ግቢው ከ1972 ጀምሮ የፈረንሳይ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ሆኗል።